የዶሮ ቤት ቦታ አመራረጥ

የዶሮ ቤት ቦታ አመራረጥ በግቢ ወይም በእርሻ ውስጥ የዶሮ ማደሪያ የሚሠራበትን ስፍራ የመወሰን ሥራ ነው። በውሳኔው ላይ ከመኖሪያ ቤት ያለው ርቀት፣ የውኃ መውረጃ፣ ነፋስ፣ ፀሐይ እንዲሁም ከአውሬና ከሌባ የሚገኘው ጥበቃ አብረው ይታያሉ። ጣሪያ፣ በርና ቆጥ በኋላ ሊስተካከሉ ይችላሉ፤ ውኃ የሚተኛበት ወይም አየር የማይዘዋወርበት ቦታ ግን ቤቱን ሳያፈርሱ በቀላሉ አይስተካከልም።

ከመኖሪያ ቤት ያለው ርቀት

በኢትዮጵያ ገጠር ብዙ ቤተሰቦች ዶሮዎቻቸውን ሌሊት በመኖሪያ ቤት ውስጥ ያሳድራሉ። ዋናው ምክንያት ከሸለምጥማጥ፣ ከሌሎች አውሬዎችና ከሌባ ለመጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ የዶሮ ኩስ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል። በመሬት ላይ የሚድሁ ሕፃናት ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ስለሚወስዱ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጋለጣሉ።

በገጠር ኢትዮጵያ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ዶሮ ማርባት ከሕፃናት የተሻለ የቁመት ዕድገት ጋር እንደሚያያዝ፣ ዶሮን ሌሊት ቤት ውስጥ ማሳደር ግን ከቁመት ማነስ ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል። ጥናቱ ያሳየው ተያያዥነትን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አይደለም። ቢሆንም የዶሮና የሰው ማደሪያ እንዲለይ ከሚሰጠው ምክር ጋር ይስማማል።

ስለዚህ የቦታ መረጣ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶችን ያስታርቃል። ቤቱ ዶሮዎች ሌሊት ሲንጫጩ ከመኝታ ክፍል እንዲሰማ ቅርብ፣ ሽታው፣ ዝንቡና ኩሱ ከማድ ቤትና ከልጆች መጫወቻ እንዲርቅ ደግሞ ሩቅ መሆን አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚስማማው ከመኖሪያ ቤቱ በር ወይም መስኮት በቀጥታ የሚታይ፣ የራሱ አጥር ያለው የጓሮ ቦታ ነው። ግቢው ጠቦ የዶሮ ቤቱ ከመኖሪያ ቤት ግድግዳ ጋር ቢያያዝ እንኳ በሁለቱ መካከል በርም ሆነ ቀዳዳ ሊኖር አይገባም።

የውኃ መውረጃና አፈር

ተስማሚው ቦታ ከአካባቢው ትንሽ ከፍ ያለና ወደ አንድ ጎን የሚያዘቀዝቅ ነው። ይህን ለማወቅ ከከባድ ዝናብ በኋላ ውኃ የት እንደሚተኛና በየት እንደሚወርድ መመልከት ይጠቅማል። ዋልካ አፈር በክረምት ስለሚያብጥና በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ ወለልንና ግድግዳን ይጎዳል፤ ሌላ ቦታ ከሌለ በድንጋይና በገረጋንቲ መሙላት ወይም ቤቱን በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል።

እርጥበት በዶሮ ጤና ላይ ቀጥተኛ ጉዳት አለው። ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን የአንጀት በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ከኩስ ጋር ከወጣ በኋላ ወደ ሌላ ዶሮ ለመተላለፍ የሚበቃው እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ነው። እርጥብ ጉዝጓዝ በተጨማሪ የዶሮን ዓይንና የመተንፈሻ አካል የሚያቃጥል አሞኒያ ያመነጫል። የውኃ ጉድጓድ ባለበት ግቢ የዶሮ ቤቱ ከጉድጓዱ ርቆ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ይሠራል።

ነፋስና ፀሐይ

የነፋስን አቅጣጫ ለማወቅ ለተወሰኑ ቀናት የጭስን አካሄድ መከታተል ወይም ቀጭን ጨርቅ በእንጨት ላይ አስሮ ማየት ይበቃል። የዶሮ ቤቱ ነፋሱ መኖሪያ ቤቱን ካለፈ በኋላ በሚደርስበት በኩል ሲሆን ሽታው ወደ ሰው አይመለስም። ጫጩቶችና ትልልቅ ዶሮዎች ለየብቻ ከተያዙ ነፋሱ መጀመሪያ የሚያገኘው የጫጩቶቹን ቤት መሆን አለበት።

ዶሮ የላብ ዕጢ የላትም፤ ሙቀት የምታስወጣው በዋናነት አፏን ከፍታ በማለክለክና ክንፏን በመዘርጋት ነው። በቆላ ቤቱ በርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲዘረጋ ይመከራል። እንዲህ ሲሆን ዝቅ ብላ የምትመጣው የጠዋትና የማታ ፀሐይ የምታርፈው በጠባቦቹ ግድግዳዎች ላይ ነው፤ ረጃጅሞቹ ጎኖች በወንፊት ሽቦ ተሸፍነው ለነፋስ ክፍት ይሆናሉ። በደጋ ግን የጠዋት ፀሐይ ጉዝጓዙን እንዲያደርቅ በምሥራቅ በኩል መስኮት ይተዋል፤ ብርዳም ነፋስ የሚመጣበት ጎን ይዘጋል።

በኢትዮጵያ የቀን ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ሲያገኙ የተሻለ ስለሚጥሉ አምፖል ለመጨመር ያሰበ አርቢ ለኤሌክትሪክ መስመር የቀረበ ቦታ ይመርጣል።

ጥበቃና በሽታን መከላከል

ዛፍ ጥላ ይሰጣል፤ ጣሪያ ላይ የሚያርፍ ቅርንጫፍ ግን ለሸለምጥማጥ መሸጋገሪያ ይሆናል። በቤቱ ዙሪያ ያለው ቁጥቋጦና የተከመረ እንጨት ለአይጥና ለእባብ መደበቂያ ስለሚሆን ይመነጠራል። ፈንግል ከመንጋ ወደ መንጋ በፍጥነት ስለሚተላለፍ ቤቱ ከጎረቤት ዶሮዎችና ከመንገድ ዳር መራቅ አለበት። ከገበያ የመጡ ዶሮዎች ለ2 ሳምንት ያህል ተለይተው የሚቆዩበት ትንሽ ቦታም ከመጀመሪያው ይታሰባል።

ስፋት

በጉዝጓዝ ላይ ለሚያድሩ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 7 ዶሮ የተለመደ ልክ ነው። ከቤቱ ወለል በተጨማሪ ሰው በዙሪያው አልፎ የሚጠርግበትና ኩስ የሚጠራቀምበት ቦታ መተው አለበት። የተብላላ ኩስ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ በመሆኑ የዶሮ ቤቱን ከአትክልቱ ቦታ ብዙ ሳያርቁ መሥራት የማጓጓዝ ድካምን ይቀንሳል።