ወደ ጠፈር የወጣችው የመስታወት ቧንቧ

ስለ ጠፈር ሲነገር ሁሉም የሮኬቱን እሳት ያደንቃል፤ እኛን ግን አንዲት የመስታወት ቧንቧ አስደነቀችን። በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ባዮሰርቭ የተባለ የምርምር ማዕከል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ተቋቋመ፤ ቧንቧዪቱም የዚያው ሥራ ስትሆን በ1992 ኮሎምቢያ በተባለችው መንኰራኩር ተጓዘች። በሦስት ክፍሎቿ ሕያዋን ሴሎች፣ ሥራ የሚያስጀምራቸው ፈሳሽና ሥራቸውን የሚያቆም ፈሳሽ በጎማ ውታፍ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ገና ምድር ላይ ከተገናኙ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጅማሬው በስበት ውስጥ ሆኗልና። እኛ በላቦራቶሪያችን ጠርሙሱን ዘንበል እናደርጋለን፤ እዚያ ግን ፈሳሽ አይወርድም! ስለዚህ ጠፈርተኛው መግፊያውን ይገፋል፤ ፈሳሹም በመስታወቱ ጎን ባለው ስርጉድ አልፎ ከሴሎቹ ጋር ይገናኛል። ሁለተኛው ግፊት ሴሎቹን እንዳሉ ያቆማቸዋል፤ ይህ ካልተደረገ ወደ ምድር ሲመለሱ ስበት ያገኛቸውና ጠፈር የሠራባቸው ለውጥ ይደበዝዛል።