ሥጋው የማነው?



ውድ አንባቢ ሆይ! ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ደረሳዬ፣ አላህ ሪዝቁን አስፍቶለት ዛሬ ነጋዴ የሆነ ልጅ፣ እኔን ከነቤተሰቤ ባሕር ዳር ድረስ ጠርቶ ምሳ ጋበዘኝ። ከገሳይ ማለዳ ተነሥተን፣ በደብረ ታቦር አልፈን፣ እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ገባን። ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ሹካና ቢላው እንደ ሶላት ሶፍ ተሰልፏል፤ አስተናጋጁ ከእኔ ይልቅ ለዒድ የለበሰ ይመስላል። የምግቡ ዝርዝር ሲመጣ ባለቤቴ ዋጋውን አይታ ቀና ብላ ተመለከተችኝ፤ እኔ ደግሞ ደረሳዬን ተመለከትኩ። እርሱ ፈገግ ብሎ «ኡስታዝ፣ ዛሬ ዋጋ አይታይም» አለ። በዚህ መሐል የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ አስተናጋጁን «ሥጋው የማነው?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ገባው። «የክርስቲያን ነው የኔ እናት። ዓሣ ግን አለን፤ የጾም በያይነቱም አለ» አላት።

ዓሣ በላን። የጣና ዓሣ ማረጃ አይሻም፤ አልሐምዱሊላህ! ደረሳዬ ግን አንገቱን ደፋ። ቤቱን የመረጠው በውበቱ ነበርና ስለ ማድቤቱ አልጠየቀም። ስንመለስ ልጄ ሚኒባስ ውስጥ እጄን ይዛ «አባየ፣ ያን ያህል ትልቅ ቤት የእኛ ሥጋ ለምን አጣ? መቼ ነው እንዲህ የሆነው?» አለችኝ። የመጨረሻው ጥያቄዋ የታሪክ ጥያቄ ነው። መልሱን ከመኪናው ውስጥ ጀምሬላት ነበር፤ ለአንቺና ለአንተ፣ ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

በዚያ መንገድ ያለፍንባት ደብረ ታቦር በአንድ ወቅት የአገሩ ትልቁ ማዕድ የሚዘረጋባት ከተማ ነበረች። መቀመጫቸው ያደረጓት ራስ ጉግሣ መርሶ ናቸው። የየጁ መሳፍንት በጎንደር የተቀመጡትን ነገሥታት እያነገሡና እያወረዱ አገሩን የሚያዙት ከዚሁ ከጉና ተራራ አቅራቢያ ሆነው ነበር። ቤተ መንግሥት ማለት ደግሞ በዚያ ዘመን ከሁሉ በፊት የግብር አዳራሽ ማለት ነው። ገባሩ ማሩን፣ እህሉንና ከብቱን ያመጣል፤ ጌታው ያበላዋል፤ የበላ ሁሉ ሰልፍ በመጣ ጊዜ ጋሻውን ያነሣል። በመጀመሪያ ጌታው ከመኳንንቱ ጋር በመጋረጃ ተከልሎ ይበላል። ከዚያ መጋረጃው ይነሣና ሌላው እንደየማዕረጉ በተራ ይገባል፤ ሎሌውና ድኻው መጨረሻ ነው። አጋፋሪው በር ላይ ቆሞ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ይወስናል። የበሬው ብልት እንኳ በማዕረግ የተከፋፈለ ነበር፤ ለአንዱ የሚሰጠው ለሌላው ቢሰጥ ስድብ ይሆናል። ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ቆስለው በተኙ ጊዜ ከእቴጌ መነን የተላከላቸው ሥጋ ከክብራቸው ያነሰ ሆኖ በመገኘቱ ቂም እንደ ያዙ ይተረካል። አገር በጎድን ሥጋ ይታመስ ነበር ማለት ነው!

ታዲያ ሙስሊሙ የት ነበር? በ1660 ዓ.ም. ገደማ በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኖ ነበር። ርስት የሌለው ሙስሊም ፊቱን ወደ ንግድና ወደ ሽመና አዞረ። በእኛ በጌምድር ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች፤ ከእርሷ ብዙም ሳይርቅ የይፋግ ገበያ ነበር። አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ጨርቅ በግመልና በበቅሎ የሚያመላልሱት፣ ቀረጡንም የሚከፍሉት እነዚህ አባቶቻችን ናቸው። ቀረጡ ግብሩን ያበላል፤ ቀረጥ ከፋዩ ግን ከግብሩ አይበላም። ጠጁ ሐራም ነው፤ ሥጋው በሌላ ስም የታረደ ነው። ክርስቲያኑም በበኩሉ «ቢስሚላህ» የተባለበትን ሥጋ አይነካም። የደግ ጌታ እንግዳ ሲሆን ብርዝ ይቀዳለታል፤ በጉም በሕይወቱ ተሰጥቶት ራሱ ያርዳል። አንድ ነገር ሳልጠቅስ አልለፍ፤ በዚያ ዘመን ቡና ራሱ «የእስላም መጠጥ» ተብሎ በክርስቲያኑ ዘንድ ይነወር ነበር። ነውሩ የላላው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ያ አስተናጋጅ ከምግብ በኋላ በረከቦት አድርጎ ያመጣልን ቡና አንድ ጊዜ ከእኛ ጋር አዳራሽ የተከለከለ እንደ ነበር ለልጄ ስነግራት አላመነችኝም።

እዚህ ላይ ፊቅሁን በሁለት ቃል ላንሣ። ከቁርኣን ምዕራፎች አምስተኛው ስሙን ያገኘው ከማዕድ ነው፤ አል-ማኢዳ። በዚያው ሱራ ስለ መጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ የተነገረውን ዑለሞች በሰፊው አብራርተዋል፤ በሌላው ዓለም ያንን ይዘው የሚበሉ ወንድሞችም አሉ። በሐበሻ ምድር ግን ነገሩ ከኪታብ ወጥቶ የማንነት ምልክት ሆነ። የማንን ሥጋ በላህ ማለት የማን ነህ ማለት ሆነ።

ይህን በደንብ የቀመሱት ራስ አሊ ናቸው፤ ትንሹ አሊ የሚባሉት፣ የእቴጌ መነን ልጅ። የእናታቸው ወገን ከወሎ ኢማሞች ነበር። አሊ ክርስትና የተነሡ ቢሆኑም ጠላቶቻቸው «ልቡ እስላም ነው» ማለትን አልተዉም። የሰሜኑና የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ አዲስ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ይዘው፣ ይህንኑ ክስ ለሠራዊታቸው እያሰሙ በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ገጠሙ። ጦርነቱ የሚያስደንቅ አፈጻጸም ነበረው። ውቤ አሸነፉ፤ ራስ አሊ ሸሹ። አሸናፊው ድንኳኑን ተክሎ፣ ጠጁን አስቀድቶ ለድግስ ተቀመጠ። ሠራዊቱም ዘፈን ጀመረ። ከአሊ ወገን የነበሩት ብሩ አሊጋዝ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሲደርሱ ድል አድራጊው ከማዕድ ላይ ተያዘ! ኋላ አሊ ውቤን ለቀው ወደ ግዛታቸው መለሷቸው። በሃይማኖት ስም የተነሣ ጦር በጠጅ መሸነፉን እኛ የመድረሳ ሰዎች ስንተርከው ትንሽ ደስ ይለናል፤ ለምን እዋሻለሁ? ነገር ግን ራስ አሊ እስላም ተብለው መታማታቸው ለሙስሊሙ ያስገኘለት ነገር አልነበረም። በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሣ ተሸነፉ፤ የየጁዎችም ዘመን በዚያው አበቃ።

ክፉው ቀን የመጣው ቆይቶ ነው። በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ አዘዙ። ደብረ ታቦር ከመቀመጫ ከተሞቻቸው አንዷ ነበረችና አዋጁ ለእኛ አገር ሰው ቅርብ ነበር። የተጠመቀ ሰው መጠመቁ የሚረጋገጠው ደግሞ በአፉ ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ ይቅረብለትና ይብላ! ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ብዙ ሰው ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ አያቶቻችን በቁራሽ ሥጋ ላይ ለምን ያን ያህል እንደ ጨከኑ የሚገርማችሁ ከሆነ፣ ያችን ቁራሽ በዚያ ዘመን ዓይን እዩዋት። የኋላ ኋላ ነገሩ ነጋሹንም አልማረም። የራስ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ እስላም ያረደውን ሥጋ በልተዋል የሚል ነበር። አባታቸው ራስ ሚካኤል ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

ከኢያሱ መውረድ በፊት ግን አዲስ አበባ ላይ ሌላ ዓይነት ማዕድ ተዘርግቶ ነበር። እቴጌ ጣይቱ፣ ከማዕድ ላይ የተያዙት የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ፣ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሆቴል መርቀው ከፈቱ። ለሰው ምግብ መሸጥ በዚያ ጊዜ ነውር ነው፤ ምግብ ይሰጣል እንጂ እንዴት ይሸጣል! ስለዚህ መኳንንቱ ሸሹ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው ሲያሳዩ ሌላው ተከተለ ይባላል። ሆቴሉ ዛሬም በጣይቱ ስም አለ፤ በጥር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት እንደገና ታድሷል። እኔ እዚያ ገብቼ ቡና ጠጥቻለሁ። እንጨቱን እያየሁ ያሰብኩት ይህን ነው፦ በግብር አዳራሽ የሚያስገባህ ማዕረግህ ነበር፤ እዚህ ገንዘብህ ነው። አጋፋሪ የለም፣ መጋረጃ የለም፣ የደሪጣ ነጋዴ ከራስ ጋር በአንድ ረድፍ ሊቀመጥ ይችላል። በሩ ተከፈተ። ማድቤቱ ግን ያው የግብሩ ማድቤት ሆኖ ቀረ፤ በከተማው ያሉ ታላላቅ ምግብ ቤቶች ከዚያ በኋላ ሲከፈቱም አብዛኞቹ ይህንኑ ይዘው ተከፈቱ። ሙስሊሙ የራሱን ትንንሽ ምግብ ቤቶች ከመርካቶና ከየመስጊዱ አጠገብ ከፈተ። ሥጋ ቤቱም በበሩ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ሰቀለ። ልኳንዳ የምንለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያ አገር የእንግዳ ማደሪያና መብል ቤት ማለት ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ እንግዳው ወጥቶ ሥጋው ብቻ ቀረ።

እስካሁን የነገርኳችሁ የጌቶቹን ማዕድ ነው። በገሳይና በፋርጣ መንደሮች ግን ማንም ታሪክ ጸሐፊ ያልጻፈለት ሌላ ማዕድ አለ። ክርስቲያን ጎረቤታችን ልጁን ሲድር፣ ከሠርጉ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ አባቴ ዘንድ ይመጣ ነበር። በግ ወይም ወይፈን ለይቶ ያስረክበዋል። አባቴ ያርዳል፤ እናቴና የሰፈር ሙስሊም ሴቶች ድስታቸውን፣ ማማሰያቸውን፣ ምጣዳቸውን ሳይቀር ከቤታቸው ተሸክመው ሄደው ይሠራሉ። ከትልቁ ዳስ ጎን ትንሽ ዳስ ይጣላል፤ «የእስላም ዳስ» ይባላል። ጠላ አይገባበትም፤ ብርዝና ቡና አለ። ሙሽሮቹ ሊያመሰግኑ ሲዞሩ እዚያም ይገባሉ። ለሁለተኛው ድስት እንጨቱ፣ ቅቤው፣ በርበሬው የሚወጣው ከባለ ድግሱ ጎተራ ነው። ብዙ ጊዜ ሀብታም ያልሆነ ገበሬ ነው። እኛም ስንድር በፋንታችን እንዲሁ እናደርጋለን፤ በጉን ለክርስቲያን ጎረቤት እንሰጣለን፣ አርደው ይሠራሉ። አንዳንድ ወጣቶች ይህን የሁለት ድስት ልማድ የመለያየት ምልክት አድርገው ሲያሙት እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። የማይበላልህን ሰው ጠርቶ የሚበላውን ማሰናዳት ከአንድ ድስት ከመብላት የሚከብድ ሥራ ነው፤ ድካሙን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

የዚያ ሆቴል ባለቤት ክፉ ሰው ነው ብዬ አላስብም። ከነመኖራችንም የሚያውቅ አይመስለኝም። አንድ የተለየ ድስት፣ አንድ የሚያርድ ሰው፣ ማድቤቱ ውስጥ አንድ ጥግ፤ ገበሬው ጎረቤታችን የቻለውን እርሱ ያቅተዋል? ግን ማን ጠየቀው? ደረሳዬ እንኳ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ሲከፍል፣ አልጠየቀም። እኔም ዓሣዬን በልቼ አመስግኜ ወጣሁ። የጠየቀችው ልጄ ብቻ ናት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደረሳዬ ደውሎ ወደዚያው ሆቴል ተመልሶ ኃላፊውን እንዳነጋገረ፣ «እናስብበታለን» እንደ ተባለ ነገረኝ። እስካሁን እያሰቡ ነው።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከሱብሒ ሶላት ስመለስ ከአባቴ ጋር ያደጉት ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ከነዱላቸው በራፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ ነው።

«ሰማህ ወይ ሸህ፤ ከብቱ ሁለት ነው፤ አንዱ የናንተ ነው» አሉኝ። «ትልቁን ልጅህን ቢላውን አስይዘህ ላክልኝ። ሴቶቹም ድስቱን ዛሬውኑ ያምጡ።»

ልጄ ከኋላዬ ብቅ ብላ «አባባ፣ የትኛው ነው የእኛ?» አለቻቸው።

ሽማግሌው በዱላቸው ወደ በረቱ እያመለከቱ «ያ ጥቁሩ» አሏት።