ከመቅደላ የወጡ ሁለት ልጆች፤ የአሳዳጊ ጽናት በጉርምስና ዕድሜ

ሰው ከልጅነት ወደ ጐልማሳነት በሚሸጋገርበት ዘመን ጠባዩና ከሰው ጋር የመኖር ችሎታው በአብዛኛው የሚቀረጸው ከወላጆቹ ጋር ባለው ግንኙነት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ወላጅ ባይኖር ቦታውን ማን ይሞላዋል? ይህን ጥያቄ በዐፄ ቴዎድሮስ ቤት በኖሩ ሁለት ልጆች ታሪክ እንመረምራለን። ዘመኑን የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው የሸዋው ንጉሥ የኃይለ መለኮት ልጅ ምኒልክ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ሲሞቱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ወዲያውም በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ማራኪያቸው ግን እንደ እስረኛ ሳይሆን እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ በኋላም ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩላቸው። አብረዋቸው የተወሰዱ የሸዋ ሰዎችም ስለ ነበሩ ምኒልክ ከወገናቸው ጨርሶ አልተቈረጡም። ይህ ኑሮ አሥር ዓመት ያህል ጸና። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ሲገቡ ሰው ማስተባበርና መምራት የሚችሉ ጐልማሳ ነበሩ።

ሁለተኛው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅና አባቱ ራሳቸውን ሲገድሉ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ እናቱ እቴጌ ጥሩነሽ በመንገድ ዐረፉ። የልጁ ጠባቂ የሆነው ካፒቴን ስፒዲ ቀድሞ ቴዎድሮስን ያገለገለና አማርኛ የሚናገር ሰው ነበር፤ የአገራችን ሰው ባሻ ፈለቀ ይለው ነበር። ልጁም አጥብቆ ተጠጋው፤ ወደ ሕንድም አብሮት ሄደ። ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት ትምህርቱ በእንግሊዝ አገር ይሁን ብሎ ከስፒዲ ለየውና በዶክተር ጄክስ ብሌክ እጅ አኖረው። ከቸልተናም ወደ ራግቢ፣ ከዚያም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተዛወረ፤ በዚያም ብዙ አልቈየም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ በሊድስ ከተማ ታሞ ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ ያለ ዘመድ በባዕድ አገር ብቻውን መሞቱን በዕለት ማስታወሻቸው በኀዘን ጽፈዋል።

ዓለማየሁ ምግብ፣ ልብስ፣ ትምህርትና የንግሥት ርኅራኄ አልጐደለበትም። የጐደለው የማይለወጥ ሰው ነው። ጆን ቦልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1943 ዓ.ም. ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጥናት፣ ልጅ ከእናቱ ወይም በእናቱ ፋንታ ከቆመ ከአንድ ሰው ጋር የማይቋረጥ ፍቅር እንደሚያስፈልገው ገልጿል። የዓለማየሁ ሕይወት ይህን ከሰማንያ ዓመት በፊት ያሳየ ይመስለናል።

ምኒልክ ያሳደጓቸውን ከድተው አልጠፉምን? የሚል ተቃዋሚ ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆኖም በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ጦራቸውን ይዘው እስከ መቅደላ ከደረሱ በኋላ ሳይዋጉ ተመልሰዋል። ለዚህ ልዩ ልዩ ምክንያት ቢሰጥም የአሳዳጊ ፍቅር ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን መካድ ያስቸግራል። ደግሞም ጐረምሳ ካሳዳጊው ቤት መውጣቱ የአስተዳደጉ ጕድለት ምልክት አይደለም፤ በራሱ ለመቆም የበቃ ሰው መውጣቱ አይቀርም። ዓለማየሁን ግን ሌሎች ከቦታ ወደ ቦታ አዛወሩት እንጂ በገዛ ፈቃዱ የወጣበት ቤት አልነበረውም።

ሁለት ሰዎች ሕግ ለማውጣት እንደማይበቁ እናውቃለን። ቢሆንም ነገሩ የነገሥታት ልጆች ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም በአገራችን ብዙ ወጣት ለትምህርት ሲል ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ በዘመድ ቤት፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት ወይም በኪራይ ክፍል ያድጋል። ስለርሱ ስንመክር ስንት ክፍልና ስንት አልጋ እንደሚያስፈልግ እንቈጥራለን። ከዚያ አስቀድሞ ግን ልጁን በስሙ የሚያውቀው፣ ቋንቋውን የሚሰማውና እስኪጐለምስ ድረስ የማይለወጥበት አንድ ሰው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል እንላለን።