የድምፅ መጠን እንዴት ይለካል?

የድምፅ መጠን የሚለካው ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ነው። ዜሮ ዴሲቤል ፍጹም ጸጥታ ማለት አይደለም፤ ጤናማ ጆሮ ያለው ወጣት ሊሰማው የሚችለው እጅግ ዝቅተኛ ድምፅ ነው።

የተለመዱ ድምፆች በግምት
• ሹክሹክታ፦ 30 ዴሲቤል
• መደበኛ ንግግር፦ 60
• መኪና የበዛበት መንገድ፦ 80
• ሞተር ሳይክል፦ 95
• በቅርብ የሚጮህ የአምቡላንስ ድምፅ፦ 120

ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም
የድምፅ መጠን በ10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ያድጋል። ለጆሮዎ ግን በእጥፍ ገደማ ብቻ የጨመረ ይመስለዋል። 85 ዴሲቤል ከሚያሰማ ማሽን አጠገብ ሌላ ተመሳሳይ ማሽን ቢነሳ ድምሩ 170 ሳይሆን 88 ይሆናል። ስለዚህ በቁጥር ትንሽ የሚመስል ጭማሪ ለጆሮ ትልቅ ጫና ነው።

ለምን ያህል ጊዜ ማዳመጥ ይቻላል?
እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ምክር፣ አዋቂዎች 80 ዴሲቤል ድምፅን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይችላሉ። ድምፁ 90 ከደረሰ ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

መለኪያ ከሌለዎት
አንድ ሜትር ያህል ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመግባባት መጮህ ካስፈለገዎት፣ ድምፁ ለጆሮ ጎጂ ሊሆን ይችላል። በወፍጮ ቤት ወይም በብረታ ብረት ሥራ ላይ ከሆኑ የጆሮ መከላከያ ያድርጉ፤ በየመሃሉም ጸጥ ወዳለ ቦታ ወጣ ብለው ጆሮዎን ያሳርፉ። ኤርፎን ሲጠቀሙ ድምፁን ይቀንሱ። የስልክ መለኪያ መተግበሪያዎች ግምት ይሰጣሉ እንጂ ሁሉም ትክክለኛ አይደሉም።

በመስማት ምርመራ ውጤት ላይ
እዚህ ቁጥሩ የሚያሳየው እርስዎ መስማት የቻሉትን ዝቅተኛ ድምፅ ነው። 40 ዴሲቤል የሚል ውጤት “40 በመቶ ደንቁረዋል” ማለት አይደለም፤ ድምፁ እስከ 40 ካልደረሰ አይሰሙትም ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የመስማት አቅምዎ የተሻለ ነው።

ሐኪም ማየት ያለብዎት መቼ ነው?
ጆሮዎ ውስጥ የሚጮህ ድምፅ ካልተወዎት ወይም ንግግር መለየት ካስቸገረዎት የአንገት በላይ ሐኪም ያማክሩ። አንድ ጆሮዎ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ቀናት ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር የመስማት አቅም የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል።