ትዕግሥትና ይሉኝታ

ልጁ ኳሱን ይዞ ይሸሻል። ግዙፍ ተከላካይ እየመጣበት ነው። ሲሸሽ ሲሸሽ ሳያውቀው የሜዳውን የመጨረሻ መስመር ረግጦ ወጣ። መውጣቱን ስላላወቀ መሮጡን ቀጠለ። በአሜሪካ ፉትቦል ሕግ ይህ ለተጋጣሚ ሁለት ነጥብ ያስገኛል። ጨዋታውም 12 ለ 10 አለቀ። ልዩነቱ ያችው ሁለት ነጥብ ነበረች።

ይህ የሆነው ኦክቶበር 12 ቀን 2008 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ተጫዋቹ ዳን ኦርሎቭስኪ፣ ቡድኑ ዲትሮይት ላየንስ፣ ተጋጣሚው ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ይባላሉ። ፊልሙን ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ እስቃለሁ፤ ቀጥሎ ግን አዝናለሁ። ዲትሮይት በዚያ ዓመት ካደረጋቸው 16 ጨዋታዎች 16ቱንም ተሸነፈ። በሊጉ ታሪክ እንዲህ የሆነ የመጀመሪያው ቡድን ነው። የሚገርመው ደግሞ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በተደረጉት አራት የዝግጅት ጨዋታዎች አራቱንም አሸንፎ ነበር!

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው መስመር የረገጠውን ልጅ ነው። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ቡድኑን እዚያ ያደረሰው ማን ነው?

ነገሩ ከ1963 ይጀምራል። የሄንሪ ፎርድ የልጅ ልጅ ዊሊያም ክሌይ ፎርድ ቡድኑን በ4.5 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት የተስማሙት በዚያ ዓመት ነው። በ2014 እስኪሞቱ ድረስ ባለቤቱ እሳቸው ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ቡድኑ በጥሎ ማለፍ ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ያውም በጃንዋሪ 1992። ፎርድ ክፉ ሰው አልነበሩም። እንዲያውም አብሯቸው የሠራን ሰው ባለመጣል ይታወቃሉ። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

በ2001 ማት ሚለንን የቡድኑ ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሙ። ሚለን በተጫዋችነታቸው አራት ጊዜ ሱፐር ቦውል ያሸነፉ፣ ከዚያም የቴሌቪዥን ተንታኝ የሆኑ ሰው ናቸው። ቡድን አስተዳድረው ግን አያውቁም ነበር።

እኛ በለመድነው እግር ኳስ መጨረሻ የወጣ ይወርዳል። አሜሪካኖቹ ዘንድ መውረድ ብሎ ነገር የለም። ጭራሽ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ አዳዲስ ተጫዋቾች ሲከፋፈሉ ቀድሞ የሚመርጠው ብዙ የተሸነፈው ቡድን ነው። ሐሳቡ ደካማው እንዲጠናከር ነው። ሚለንም ዕድሉ ደጋግሞ ደረሳቸው። በ2003 የመጀመሪያ ምርጫቸውን ኳስ ተቀባይ ላይ አዋሉት። በ2004 ሌላ ኳስ ተቀባይ። በ2005 ሌላ። በ2007ም እንደገና! ያ የመጨረሻው፣ ካልቪን ጆንሰን፣ እርግጥ ነው ድንቅ ተጫዋች ነበር። ግን መሠረቱ እየተሰነጠቀ ላለ ቤት መስኮት ቢቀያየርለት ምን ይፈይዳል? በ2008 የተቆጠረበት ነጥብ 517 ደረሰ።

ደጋፊው ዝም አላለም። ሚለን ይባረሩልን የሚል ጽሑፍ ይዞ ሜዳ ገባ፤ በ2005 መጨረሻ ሰልፍ ወጣ። የሚለን ውል ግን በዚያው ዓመት ተራዝሞላቸው ነበር። የተሰናበቱት ሴፕቴምበር 24 ቀን 2008 ነው፤ ያውም የባለቤቱ ልጅ ቢል ፎርድ ሥልጣኑ የእሳቸው ቢሆን እንደሚያሰናብቷቸው በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ። ሚለን ከ2001 ጀምሮ ያስመዘገቡት 31 ድልና 84 ሽንፈት ነው።

ዕዳውን የከፈለው ማን ነው? ያን ጊዜ ዲትሮይት ላይ ከኳስ የባሰም መጥቶባት ነበር። በ2009 ክራይስለርና ጄኔራል ሞተርስ ተከታትለው መክሰራቸውን ለፍርድ ቤት አስታወቁ። ሠራተኛው የዛሬ እንጀራው እያሰጋው የእሑድ መዝናኛውንም አጣ። ትኬት ተሸጦ ስላላለቀ በከተማዋ ቴሌቪዥን እንዳይታዩ የተከለከሉ ጨዋታዎችም ነበሩ።

ለዚህ በሽታ እኛ ጥሩ ስም አለን፤ ይሉኝታ። «እንዴት አድርጌ ፊቱን አያለሁ?» ብለን አንዱን ሰው ወንበሩ ላይ እናቆየዋለን። ለአንዱ ያዘንን ሲመስለን በሺህ ሰው ላይ ጨክነናል።

ታዲያ የተሸነፈ ሁሉ ይባረር ማለቴ ነው? አይደለም። የዚያው ቤተሰብ ታሪክ ራሱ ያስተምረናል። በ2021፣ የፎርድ ልጅ ሺላ ፎርድ ሃምፕ ቡድኑን በሚመሩበት ጊዜ፣ አሰልጣኝ ዳን ካምቤል በመጀመሪያ ዓመቱ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ አንድ አቻ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ጨዋታዎች ስድስቱን ተሸነፈ። ባለቤቷ ግን ሕዝቡን ታገሡ አሉ። ያ ዓመት በ9 ድልና በ8 ሽንፈት አለቀ። በጃንዋሪ 2024 ዲትሮይት ራምስን 24 ለ 23 ረትቶ ከ32 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን የጥሎ ማለፍ ድል አገኘ። የራምስን ኳስ ይመራ የነበረው ማቲው ስታፎርድ ነው፤ ለ16ቱ ሽንፈት «ሽልማት» በ2009 ለዲትሮይት የደረሰው ያው ልጅ!

አባትም ልጅም የተሸነፈን ሰው አቆይተዋል። ልዩነቱ ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ እየተማረ የሚሳሳትን ሰው ማቆየት ትዕግሥት ነው። ያንኑ ስህተት የሚደግመውን ማቆየት ግን ይሉኝታ ነው። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ደግነት ይመስላሉ። ለዚህ ነው ቀርቦ ማየት የሚያስፈልገው።

ኦርሎቭስኪ ከዚያ በኋላ የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ፤ በዚያች እርምጃው ራሱም ይቀልዳል። ስህተቱን አምኖ ከመሳቅ የሚበልጥ ምን ሊያደርግ? የሚያስቸግረው ስንት ዓመት መስመር ረግጦ ሲኖር አንድም ቀን ያልታወቀው ነው።