ድንጋይ ነው ተብሎ የተጣለው ጨው

አበው ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ብለው ሲተርቱ፣ በልቡናቸው የነበረው ከአፋር በረሃ በግመል እየተጫነ ወደ ደጋው የሚወጣው፣ አሞሌ ተብሎም በየገበያው እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረው ጨው ነበር። ነገር ግን ስሙን ራሱን ከድንጋይ የወረሰ፣ ደጋግሞም ድንጋይ ነው ተብሎ ከተጣለ በኋላ ተመልሶ የተነሣ፣ ዛሬ ልባቸው በጥልቅ ትካዜና ልክ በሌለው ደስታ መካከል ለሚዋልል ሕሙማን መድኃኒት የሆነ ሌላ ጨው አለ፤ እርሱም ሊትየም ነው። ባይፖላር በሚባለው ደዌ ምክንያት ይህ መድኃኒት ለልጃቸው የታዘዘላቸው አባትና እናት፣ የመጀመሪያዋን ክኒን ከመስጠታቸው በፊት በፍርሃት ቢያመነቱ አይፈረድባቸውም፤ የጨዉን ታሪክ የመረመረ ሰው ግን ከፍርሃቱ የትኛው ተገቢ፣ የትኛው ከንቱ እንደ ሆነ ለመለየት ይችላል።

ሊትየም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። ዮሐን ኦገስት አርፍቬድሶን የተባለ ስዊድናዊ፣ በስቶክሆልም በሊቁ በበርዜልየስ ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ ከኡቶ ደሴት የመጣ ማዕድን መርምሮ አገኘው፤ ከዕፅ ሳይሆን ከማዕድን በመገኘቱም በጽርእ ቋንቋ ድንጋይን ከሚያመለክተው ቃል ስም ወጣለት። በዚያው ምዕተ ዓመት ሐኪሞች ለሪህ በሽታ ይሰጡት ጀመር፤ በ1886 ካርል ላንገ የተባለ የዴንማርክ ሐኪም እየተመላለሰ ስለሚይዝ የትካዜ ደዌ ጽፎ ሲያሳትም፣ ለዚያም ሊትየም እንደሚጠቅም አመለከተ። ይሁን እንጂ ላንገ የደዌው ሥር በሰውነት የሚከማች ዩሪክ አሲድ ነው ብሎ ስላመነ፣ ትምህርቱ ተቀባይነት ሲያጣ መድኃኒቱም አብሮ ተረሳ፤ ይህም የመጀመሪያው መጣል ነው።

ከወደቀበት ያነሣው ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ነበር። አባቱ የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ስለ ነበሩ ያደገው በሆስፒታል ግቢ፣ በሕሙማን መካከል ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በሲንጋፖር፣ በቻንጊ፣ ከሦስት ዓመት በላይ የጃፓን ምርኮኛ ሆኖ ተቀመጠ። ከምርኮ ተመልሶ በሜልበርን በባንዱራ ሆስፒታል ሲሠራ፣ ተትቶ በነበረ አንድ ዕቃ ቤት ውስጥ ጊኒ ፒግ የሚባሉትን ትናንሽ እንስሳት በሊትየም ቢወጋቸው ሲረጋጉ ተመለከተ፤ ጨዉንም አስቀድሞ በራሱ ላይ ከሞከረ በኋላ ለሕሙማን ሰጠ፤ ያየውንም በ1949 አሳተመ።

መድኃኒቱን በመጀመሪያ የተቀበለው ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ዕረፍት በሌለው መታወክ የኖረ ነበር። በ1948 ጥቂት ወራት እንደ ወሰደ ድኖ ወደ ቤቱና ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ፤ ነገር ግን ዳንሁ ብሎ መድኃኒቱን በመተዉ ዓመት ሳይሞላው ደዌው አገረሸበት፤ እንደ ገና በተሰጠው ጊዜም በደሙ ያለውን መጠን የሚለካ ስላልነበረ፣ በ1950 በዚያው ባዳነው ጨው ተመርዞ ሞተ። በ1949 ደግሞ በአሜሪካ፣ የገበታ ጨው የተከለከሉ የልብ ሕሙማን በምትኩ ሊትየም ክሎራይድ ምግባቸው ላይ ይነሰንሱ ስለ ነበር፣ ከእነርሱ የሞቱ በመገኘታቸው መንግሥት ከገበያ አስወጣው። ይህ ሁለተኛው መጣል ነው።

እንግዲህ ለዚህ ጨው የጎደለው መስፈሪያ ነበር። በ1951 በዚያው በሜልበርን ትራውትነር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ በነበልባል ቀለም የጨውን ብዛት በሚለካ መሣሪያ በሕሙማን ደም ያለውን ሊትየም እየለኩ ከመቶ በላይ ሰዎችን አከሙ፤ በ1954 የዴንማርኩ ሐኪም ሞገንስ ሹ መድኃኒቱን በጥብቅ ሥርዓት ፈትኖ ጥቅሙን አስመሰከረ። የሹ ወንድም ከወጣትነቱ ጀምሮ እየተመላለሰ በሚይዝ የትካዜ ደዌ ሲሠቃይ ኖሮ በሊትየም ዕረፍት ስላገኘ፣ ሊቁ የሚሟገትለት ነገር በቤተ ሰቡ ውስጥ ያየው ነበር። አሜሪካም የጣለችውን ጨው በ1970 ተቀበለችው።

የወላጅ ድርሻ ከዚህ ታሪክ ይወጣል። በአንድ ሊትር የደም ውሃ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅመው ይህ ጨው፣ ከ1.5 ሲያልፍ ወደ መርዝነት ያደላል፤ ኩላሊትም ሊትየምን ከገበታ ጨው ለይቶ ስለማያይ፣ ልጁ በተቅማጥ፣ በትውከት ወይም በብርቱ ላብ ውሃና ጨው ባጣ ጊዜ ሊትየሙን በሰውነቱ ያስቀረዋል። ስለዚህ የደም ምርመራ ቀኑን የሚያስታውስ፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ሐኪም ሳይጠየቅ እንዳይሰጥ የሚከለክል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ሲበረታ፣ እርምጃ ሲንገዳገድና አንደበት ሲኮላተፍ አይቶ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚሮጥ ዓይን ያስፈልጋል። በእኛም ዘንድ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚጾም ወይም ጠበል ጠጥቶ የሚያስመልስ ልጅ በዚሁ አደጋ ውስጥ ስለሚገባ፣ ነገሩን አስቀድሞ ለሐኪሙና ለንስሓ አባቱ መግለጽ ይገባል፤ ጠበሉን ተማምኖ ክኒኑን በድንገት ማቋረጥ ግን ያን የመጀመሪያውን ሕሙም መንገድ መከተል ነው። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር ሲያስተምር መድኃኒትን ከምድር ያወጣው ፈጣሪ መሆኑን አብሮ ያስተምራልና፣ ጸሎትና ክኒን በአንድ ቤት ቢያድሩ አይጣሉም።

ተረቱ ጨው ለራሱ ሲል እንዲጣፍጥ ያዘዋል፤ ይህ ጨው ግን በራሱ ኃይል መድኃኒት ሆኖ አያውቅም፤ የሚሰፍረው ባጣ ጊዜ ገድሏል፣ ተጥሏልም። ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ፣ ክኒኑን ቆጥራ፣ ልጇ መዋጡን አይታ የምትተኛ እናት፣ ሊቃውንቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያጡት የኖሩትን መስፈሪያ በእጇ ይዛለች።