ዜና ካይቴል፣ የወረቀቱ ማርሻል

በጀርመን አገር፣ በብራውንሽቫይግ ግዛት፣ ሄልምሸሮደ በምትባል የገጠር መንደር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 22 ቀን 1882 ቪልሄልም ካይቴል ተወለደ። አባቱ ባለርስት ነበር። ልጁም አድጎ ያንኑ ርስት ማረስ ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን መሬቱ ለሁለት ቤት የሚበቃ ስላልነበረ በ1901 መድፈኛ ጦር ገባ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ዓመት ክንዱን በመድፍ ፍንጣሪ ቆሰለ። ካገገመ በኋላ የሹመቱን መሰላል የወጣው ጦር ሜዳ ላይ ሳይሆን መምሪያ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ነው። ወረቀት አይሰለቸውም፤ ሥራም ይወድ ነበር፤ ይህን ጠላቶቹም አይክዱትም።

በ1938 መጀመሪያ የጦር ሚኒስትሩ ብሎምበርግ በጋብቻው ነውር ምክንያት ከሥልጣን ወረደ። ሂትለርም ሲያሰናብተው የካይቴልን ነገር አንሥቶ ጠየቀው። ብሎምበርግ፣ «እሱ እኮ ቢሮዬን ከመያዝ ሌላ የሚሠራው የለም» ቢለው፣ ሂትለር «እኔም የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው» አለ ይባላል። ወዲያው ፌብሩዋሪ 4 ቀን ሂትለር ጦሩን በገዛ እጁ ያዘ፣ ካይቴልንም የጦር ኃይሎች ጠቅላይ መምሪያ አለቃ አደረገው። ልጆቻቸው የተጫጩ ነበሩና ብሎምበርግ እንዲያ ያቃለለው የገዛ አማቹን ነው።

የሥራ ባልደረቦቹ ሹመቱን ሳይሆን ሰውየውን አይተው ስም አወጡለት። በጀርመንኛ ሎሌ «ላካይ» ይባላልና፣ ከስሙ ጋር አጋብተው «ላካይቴል» አሉት።

ጁን 1940 ፈረንሳይ በተሸነፈች ጊዜ፣ ጀርመን በ1918 የተኩስ አቁም የተፈራረመችበት ያው የባቡር ፉርጎ ከሙዚየም ወጥቶ ኮምፒየኝ ጫካ ውስጥ ቆመ። በፈረንሳይ በኩል ጄኔራል ሁንትዚገር፣ በጀርመን በኩል ካይቴል ፈረሙ። በወሩ ጁላይ 19 ቀን ሂትለር ፊልድ ማርሻሎችን ሲሾም፣ በዚያ ጦርነት አንድ ክፍለ ጦር እንኳ ይዞ ያልዘመተው ካይቴልም የማርሻልነት በትሩን ተቀበለ።

ከዚያ ወዲያ የመጣው የወረቀት ዘመን ነው። ሜይ 13 ቀን 1941፣ ሶቪየት ኅብረት ሳትወረር፣ የጀርመን ወታደር በዚያ አገር ሲቪል ሰው ላይ ለሚፈጽመው በደል እሱን መክሰስ ግዴታ አይደለም የሚል ደንብ በፊርማው ወጣ። በጁላይ የመጨረሻው ልጁ ሃንስ ጌዮርግ እዚያው ሩስያ ዘምቶ ቆስሎ ሞተ። አባትየው ግን ብዕሩን አላስቀመጠም። ሴፕቴምበር 16 ቀን በምሥራቅ ለሚገደል አንድ ጀርመናዊ ከ50 እስከ 100 ኮሚኒስት እንዲገደል አዘዘ፤ በዚያ አገር የሰው ሕይወት ከምንም አይቆጠርም የሚል ቃልም ጨመረበት።

ወረቀቱ ምን እንደሚሠራ ማየት የሚሻ ወደ ሰርቢያ፣ ወደ ክራጉየቫጽ ከተማ ይሂድ። በከተማይቱ አካባቢ 10 ጀርመናውያን ሞተው 26 ቆስለው ነበር። በዚያ ያለው ጦር ለሞተ 100፣ ለቆሰለ 50 ብሎ አሰላና ድምሩ 2,300 መጣ። ተማሪዎች ሳይቀሩ ከክፍላቸው ከነአስተማሪዎቻቸው ተወስደው፣ ኦክቶበር 21 ቀን ከ2,000 የሚበልጥ ሰው ተረሸነ።

አንድ ሌላ ወረቀት አለ፤ የዚህ ዜና ጸሐፊ ከሁሉ የሚከፋው እሱ ይመስለዋል። የወታደራዊ ስለላው አለቃ አድሚራል ካናሪስ የሶቪየት ምርኮኞች አያያዝ ሕግ የጣሰ ነው ብሎ በጽሑፍ ተቃወመ። ካይቴልም በኅዳጉ ላይ፣ ይህ ተቃውሞ ከጨዋ ወታደር ሥርዓት የመጣ ነው፣ እዚህ ግን የምናጠፋው አንድን የዓለም አመለካከት ነው፣ ስለዚህ እርምጃዎቹን አጸድቃለሁ ብሎ ጻፈ። እንግዲህ አላወቀም አይባልም፤ ተነግሮታል፣ አንብቧል፣ መልሷል። በጀርመን እጅ ከወደቁት 5.7 ሚሊዮን ያህል የሶቪየት ምርኮኞች 3.3 ሚሊዮን ያህሉ በረሃብ፣ በብርድ፣ በበሽታና በጥይት አለቁ።

ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ደግሞ «ሌሊትና ጭጋግ» የተባለው አዋጅ በእርሱ ፊርማ ወጣ። በምዕራብ አውሮፓ የተያዘ ተቃዋሚ ቶሎ ሞት ካልተፈረደበት ማንም ሳያውቅ ወደ ጀርመን ይወሰዳል፤ ለዘመዶቹ አለም፣ ሞተም አይባልም። መርዶ እንኳ የተነፈገው ቤት ለቅሶ አይቀመጥም። የአዋጁ ብልሃትም ይኸው ነበር።

ጁላይ 20 ቀን 1944 በሂትለር ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ ካይቴልም ጌታውን ደግፎ አወጣው። ጥቂት ቆይቶ በወታደራዊ የክብር ሸንጎ ተቀምጦ፣ በሴራው እጃቸው አለበት የተባሉትን፣ ማርሻል ቪትስሌበንን የመሰሉ የሥራ ጓዶቹን ከጦሩ አስወጥቶ ለገመድ አሳልፎ ሰጠ።

ሜይ 8 ቀን 1945 እኩለ ሌሊት ገደማ፣ በርሊን ካርልስሆርስት ውስጥ፣ ካይቴል በትሩን ይዞ የጀርመንን እጅ መስጫ ሰነድ ሊፈርም በሶቪየቱ ማርሻል ዙኮቭ ፊት ቀረበ። ዙኮቭ ኋላ በማስታወሻው እንደሚለው፣ የአንድ ዓይን መነጽሩ ወድቆ በክሩ ተንጠለጠለ፣ ፊቱም ቀይ በቀይ ሆነ። መነጽሩን መልሶ ሰክቶ ፈረመ። ኮምፒየኝ ላይ ያሸነፈችውን፣ ካርልስሆርስት ላይ የተሸነፈችውን ጀርመን ወክሎ የፈረመው ያው እጅ ነው።

በኑረምበርግ የጦር ወንጀል ችሎት አራት ክስ ቀረበበት። የታዘዝሁትን ፈጸምሁ አለ። ዳኞቹም እንዲህ ላለው ሰፊና አሰቃቂ ወንጀል የበላይ ትእዛዝ ቅጣት አያቀልም ብለው፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1946 በአራቱም ጥፋተኛ አድርገው ሞት ፈረዱበት። እንደ ወታደር በጥይት ልሙት ብሎ ቢለምን አልተፈቀደለትም። ኦክቶበር 16 ቀን ሌሊት በወኅኒ ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከነበረው ከሪበንትሮፕ ቀጥሎ ተሰቀለ። አስከሬኑም ተቃጥሎ አመዱ ሙኒክ አጠገብ ወንዝ ውስጥ ተበተነ፤ መቃብር የለውም።